ዲማ፦ ከአውድማ እስከ መሶብ

በታኅሣሥ ጎጃም ውስጥ ከብቸና ወደ ዲማ የሚሄድ ሰው ዓይኑ ከጤፍ አይላቀቅም። ዋልካው የክረምቱን እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ፣ ጤፉ ታጭዶ ሲከመር ሽንብራውና ጓያው ገና አረንጓዴ ነው። አገሩ የእህል አገር ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከዚህ ሁሉ መሶብ ውስጥ የሚገባው ነው።

ነጩ ጤፍ ገበያ ይወርዳል፤ ለማዳበሪያ፣ ለልጆች ደብተር፣ ለልብስ። ለቤት የሚቀረው ቀዩና ሰርገኛው ነው። ይህስ አይከፋም። ቀይ ጤፍ ብረት አለው፤ ሊጡ ሲቦካም ብረቱን ሰውነት እንዳይወስደው አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል፤ በአማራ ክልል 17 በመቶ ነበሩ። የክልሉ ቁጥር ዝቅ ለማለቱ የጤፍ እንጀራ እጁ እንዳለበት አምናለሁ።

ችግሩ ወጡ ላይ ነው። ሽሮ ምሳ፣ ሽሮ ራት። የምእመኑ የጾም ቀን በዓመት ከ180 ያልፋል፣ የካህኑ እስከ 250 ይደርሳል። ለምግብ ጉድለቱ ጾሙን የሚወቅሱ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በፍስኩም ቢሆን እንቁላሉና ቅቤው ጨው፣ ሳሙናና ቡና ሊገዛበት ገበያ ይወጣል። ሥጋ የዓመት በዓልና የድግስ ነው። ቢ12 የተባለው ቫይታሚን ደግሞ በተፈጥሮው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል እንጂ ከእህል አይገኝም። ጎመኑም ክረምት ሲወጣ ጓሮው ውስጥ ይመናመናል።

ጓያን ዝም ብዬ አላልፍም። አተር ሲወደድ ሽሮው የጓያ ይሆናል። ከሌላ እህል ጋር አልፎ አልፎ ቢበላ ብዙም አያሰጋም፤ እህል ጠፍቶ ለወራት እሱ ብቻ ሲበላ ግን እግር ይሰብራል፣ የተሰበረውም አይድንም። ክኩን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል። ይህን እያንዳንዱ ባለትዳር ሊያውቀው ይገባል።

ከዲማ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በተማሩበት ደብር ዙሪያ፣ የአብነት ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የሚሰጠው መንደሩ ከበላው የተረፈ ቁራሽ ነው፤ ከመንደሩ መሶብ የጎደለው ከአኮፋዳውም ይጎድላል። ወጥ እምብዛም አይደርሰውም፤ እንጀራውንም አድርቆ ያቆየዋል። ለጋሾቹ በየቁራሹ ላይ አንድ እፍኝ የሽንብራ ቆሎ ቢጨምሩለት መልካም ነው፤ ሽንብራው ከዚያው ከዋልካው ነው።