መሬት ያልነካ ሽቦ

ወደ ናዝሬት የልብስ ማድረቂያ ማሽን መላክ ወደ ዝዋይ ዓሣ እንደመላክ ነው። ፀሐዩም ነፋሱም ሞልቶ ተርፏል፤ ነፋሱማ 204 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ሁለት የኃይል ጣቢያ ተተክሎለታል። ቢሆንም አሜሪካ ያለው ወንድማችን ላከ። ታላቅ እህታችን ትንሽ ፔንሲዮን አላት፤ ክረምት ሲገባ አንሶላው አልደርቅ እያለ ያስለቅሳታል። ማሽኑ የገባ ዕለት ቡና ተፈላ።

የሰፈሩ ልጅ ፒንሳውን ይዞ መጣ። «እትዬ፣ ከምጣዱ መስመር እቀጥልልዎታለሁ፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው» አለ። እኔም አብሬ ቸኮልኩ። ያዳነን አንድ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ለቡናው ተጠርተው መምጣታቸው ነው። መነጽራቸውን አድርገው ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበቡ፤ 240 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 30 አምፔር።

«ይኼ የኛ አገር ማሽን አይደለም» አሉ። አሜሪካ ቤት የሚገቡት ሁለት ፌዝና አንድ ኒውትራል ናቸው። ማሞቂያው በሁለቱ ፌዞች መካከል ባለው 240 ቮልት፣ ሞተሩ ግን በአንዱ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል ባለው 120 ይሠራል። የእኛ ቤት አንድ ፌዝና አንድ ኒውትራል፣ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ልጁ እንዳሰበው ቢቀጠል ማሞቂያው ይግል፣ ሞተሩ ይቃጠል ነበር።

ከዚያም የባሰ አለ። ገመዱ ባለ ሦስት እግር ነው፤ በዚህ አሠራር የማሽኑ የብረት አካል ከኒውትራሉ ጋር ታስሯል። የእኛ አገር ሶኬት ደግሞ ተገልብጦም ይገባል። ሲገለበጥ ብረቱ ራሱ ፌዝ ይሆናል። እርጥብ አንሶላ ያቀፈችውን ልጅ አስቡ።

ወንድማችን በስልክ «እንግዲያው በጋዝ የሚሠራውን ልላክ» አለ። እሱም ለቧንቧ ጋዝ የተሠራ ነው፤ በሲሊንደር ጋዝ ለማሠራት አፍንጫው መለወጥ አለበት፣ ጭሱም በቱቦ ከቤት መውጣት አለበት። ከሲሊንደር ያመለጠ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ተኝቶ እሳት ይጠብቃል። ተወው አልነው።

ሽማግሌው ሊሄዱ ሲነሱ «ለመሆኑ የቤቱ ኧርዝ የት ነው?» አሉ። ሶኬቶቹ ተፈቱ። የመሬቱ ሽቦ ከምንም ጋር አልተያያዘም። እህቴ ፊቷ ተለዋወጠ። «ምጣዱ ሲነዝረን የኖረው ለዚህ ነው?»

እፍረት ተሰማኝ። ስንት ዓመት «ይነዝረኛል» ስትለኝ «ስፖንጅ ጫማ አድርጊበት» እያልኩ ስቄባታለሁ። ሠራተኛዋ ጣውላ ላይ ቆማ ነበር የምትጋግረው። አፍንጫችን ሥር ያለው ቆቃ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ከጀመረ ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ! መብራቱን ወደ ቤት አስገባን፤ ያመለጠው በየት ይውጣ የሚለውን ግን ስንቶቻችን ጠየቅን?

በሳምንቱ ከውኃ ታንከሩ ሥር፣ እርጥብ አፈር ውስጥ፣ የመዳብ ዘንግ ተቀበረ። ዘንግ ብቻውን አይበቃም ብለው 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ መስመሩን የሚቆርጥ ብሬከር አስገጠሙ። ምጣዱም የራሱ መስመር ተሰጠው።

ማሽኑ ዛሬ በረንዳ ላይ ነው፤ በገመድ የደረቀ አንሶላ ታጥፎ ይቀመጥበታል። ወንድማችን ስጦታዬ ባከነ ብሎ እንዳያዝን ግን ይህን ይስማ፦ ሠራተኛዋ የመጀመሪያውን እንጀራ ስትጋግር የምጣዱን ጠርዝ እንደ ልማዷ በፍርሃት ነካ፣ መለስ አደረገች። ደግማ ነካችው።

«እትዬ፣ ዝም አለ» አለች።