ቀኑ ያልተጻፈበት ፈቃድ

ስለ አደን የምንጽፍላችሁ ቀን ይመጣል ብለን አስበን አናውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ዐርብ ማታ ከጸሎት በኋላ ሻይ ላይ ነው። በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ የሚተዳደር አንድ ወንድማችን በቨርጂኒያ ከልፔፐር ካውንቲ እርሻ ያላቸውን የአንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ባለቤት እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ አስታሟቸዋል። ከቀብሩ በኋላም መጠየቁን አልተወም። ሽማግሌው ታዲያ አንድ ቀን «አጋዘኑ አኩሪ አተሬን ጨረሰው፤ በኖቬምበር ጓደኞችህን ይዘህ ና» አሉት። አምስት ሆነን ልንሄድ ተነሣን።

አጋዘን የምንለው በልማድ ነው። የአገራችን አጋዘን ቀንዱ የተጠማዘዘና ዕድሜ ልኩን አብሮት የሚኖር ነው። የዚህኛው፣ ነጭ ጭራ የሚባለው፣ ወንዱ ብቻ ቀንድ ያወጣል፤ እሱንም በየክረምቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል። ሲደነግጥ ጭራውን ቀጥ አድርጎ ነጩን እያሳየ ይሮጣል፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ከሚስቶቻችን የመጀመሪያው ጥያቄ «ይበላል ወይ?» የሚል ነበር። ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ያመሰኳል፤ ዘዳግም 14ን ከፍተን አሳየናቸው። አንዷ እህት ግን እስካሁን የተስማማች አይመስለንም።

እኛ ያደግነው የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ከሆነ በኋላ ነው። «ይህ ጫካ የእኔ ነው» የሚል ሰው አላየንም። እዚህ ደግሞ ዛፍ ላይ የተቀባ ሐምራዊ ቀለም ካያችሁ «አትግቡ» ማለት ነው። የሚገርመው፣ መሬቱ የሽማግሌው ቢሆንም አጋዘኑ የእሳቸው አይደለም። እንስሳው የሕዝብ ነው፤ መንግሥት በአደራ ይጠብቀዋል፤ ወቅቱንና ቁጥሩን የሚወስነውም እሱ ነው። እሳቸው የሚሰጡን የመግቢያ ፈቃድ ብቻ ነው። ባለርስቱም በገዛ ርስቱ ላይ የራሱ ያልሆነ ነገር እንዳለው ስንሰማ፣ በሺህ ተራሮች ላይ ያሉት እንስሳት የማን እንደሆኑ የሚናገረው መዝሙር ትዝ አለን።

ዝግጅቱ ቀላል አልነበረም። አዲስ አዳኞች ስለሆንን የደኅንነት ትምህርት ወሰድን፤ የአደን ፈቃድና ከዚያም ለብቻው የአጋዘን ፈቃድ ገዛን፤ ብርቱካናማ ሰደርያ አዘዝን። ከመካከላችን ጠመንጃን ከጦር ግንባር የሚያውቅ አንድ ወንድም «እኔ እሸከማለሁ እንጂ አልተኩስም» አለ፤ ለምን ብሎ የጠየቀው የለም። ማማ ላይ ስንወጣ በቀበቶ መታሰር እንዳለብን ተማርን፤ ብዙ አዳኝ የሚጎዳው በመውደቅ ነውና። አጋዘንን አክስቶ የሚገድለው የአንጎል በሽታ ቨርጂኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተገኘ በኋላ ከልፔፐርም ስለደረሰ፣ ሥጋውን ከመብላታችን በፊት ልናስመረምር ተስማማን።

ከዚያ የቀኑ ነገር መጣ። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2014 ሕጓን አሻሽላ፣ ባለመሬቱ በጽሑፍ ከፈቀደ በግል መሬት ላይ እሑድም ማደን ይቻላል ብላለች፤ ከአምልኮ ቤት 200 ያርድ ርቆ እስከሆነ ድረስ። ጸሎት ቤታችን የኪራይ ስለሆነ የምናመልከው ከሰዓት በኋላ ነው። ያ ወንድማችን ደግሞ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይሠራል፤ ያለው ቀን እሑድ ብቻ ነው። «በንጋት ገብተን እስከ ረፋድ እንወጣለን» አለ።

እኛ መሪዎቹ ብዙ አልተከራከርንም። አንድ አጋዘን ከወደቀ ሆድ ዕቃውን ማውጣቱ፣ ማስመዝገቡ፣ መበለቱ ቀኑን እንደሚበላው እናውቃለን። እረኛ ደም የነካው ልብስ ለብሶ እየሮጠ መድረክ ላይ አይወጣም። «እሑድ አይሆንም፤ ቅዳሜ ይሁን» አልን። እሱም «እሺ መጋቢ» ብሎ ኩባያዎቹን ሰብስቦ አጠበና ሄደ።

ውሳኔው ዛሬም ትክክል ይመስለናል። ግን አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብንም። የእኛ ደመወዝ በሰዓት አይቆጠርም፤ ቅዳሜን መተው ለእሱ ምን እንደሆነ ሳንጠይቅ ቅዳሜን ሰጠነው። በሚቀጥለው ዐርብ ጸሎት ላይ አልነበረም፤ ፈረቃ ይዞት ነው አልን።

ቅዳሜ አራታችን መሬቱን ልናይ ሄድን። ሽማግሌው በረንዳው ላይ ቆመው ከኋላችን መኪናውን ተመለከቱ። «እሱስ?» አሉ። ሥራ እንደሆነ፣ እሑድን እንዳልፈለግን ነገርናቸው። እሑድን ስላከበርን ደስ ይላቸዋል ብለን ጠብቀን ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰው ናቸውና። ቡና ቀዱልን። ከዚያ አዘጋጅተውት የነበረውን የፈቃድ ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው አጠፉት።

«ፈቃዱን የሰጠሁት ለእሱ ነው። እናንተ የእሱ እንግዶች ናችሁ» አሉን። አልተቆጡም። አዲስ ወረቀት አምጥተው የእሱን ስም ከላይ፣ የእኛን ከሥሩ ጻፉ፤ ፈረሙ። የቀኑን ቦታ ባዶ ተዉት። «እሱ ይሙላው።»

አንድ ሰዓት ተኩል በሚሆነው የመልስ መንገድ ላይ ብዙ አላወራንም። ያ ሁሉ መሬት የተከፈተልን አንዲትን በሽተኛ እናት ሲያጥብ በኖረ እጅ ነው። እኛ ግን ስለ ቀበቶውና ስለ ሰደርያው ስንመካከር የከረምን፣ ስለ እሱ ሳንመክር ቀረን። መንገድ ላይ አንዱ ወንድም የቅዳሜውን ገቢ አዋጥተን እንክፈለው አለ፤ ሌላው ያንን ብናደርግ የበለጠ ይከፋዋል አለ። የትኛው ልክ እንደሆነ አልወሰንንም፤ በዚህኛው እሱን ሳንጠይቅ መወሰን አልፈለግንም።

በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄድን። ባለቤቱ በሩን ከፈተችልን። ከሌሊት ፈረቃ በፊት ተኝቶ ነበር፤ ልጆቹም በሹክሹክታ ነበር የሚጫወቱት። ልትቀሰቅሰው ስትነሣ ከለከልናት። ወረቀቱን ከነብዕሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥንና ጫማችንን በእጃችን ይዘን ወጣን።