ደሜ አሳበቀብኝ

አገር ቤት ጋዜጠኛ ሳለሁ የባለሥልጣን ምስጢር እየፈለፈልኩ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን የማወጣው የራሴን ጉድ ነው። በሽታን ደብቆ መያዝ የለመድን ሕዝብ ነንና ይህችን ጽሑፍ ለመጫር ብዙ አቅማምቻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ስሙን ከማላውቀው ሟች የተገኘ ኩላሊት ተተከለልኝ። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ደሜን በማሽን ሳሳጥብ ነበር። የመርፌውን ውፍረትና ከእጥበት በኋላ የሚመጣውን ድካም የሚያውቅ ያውቀዋል። ከንቅለ ተከላው በኋላ ታክሮሊመስ የሚባለውን መድኃኒት በየ12 ሰዓቱ፣ ጠዋትና ማታ፣ መዋጥ ግድ ሆነ። የመድኃኒቱ ሥራ የሰውነትን ዘበኛ ማደንዘዝ ነው፤ ዘበኛው ከነቃ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል።

በኩላሊት በሽታ ብቻ የተገኘ ሜዲኬር ከንቅለ ተከላው 36 ወር በኋላ ይቆማል። የእኔም በ2023 ቆመ። ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ እኔ ታክሲ እነዳለሁ። የገዛኋት ርካሽ ኢንሹራንስ ምርመራውን ብትሸፍንም የመድኃኒቱን ወጪ ግን አብዛኛውን በእኔው ላይ ጣለችው። (ኢንሹራንስ ጨርሶ ለሌለው ሰው ከጥር 2023 ጀምሮ ሜዲኬር ይህን መድኃኒት ብቻ ለይቶ የሚሸፍንበት መንገድ አለ፤ ብዙ ወገን አያውቀውም።) የማታውን ኪኒን መዝለል ጀመርኩ። ለእናቴ የምልከው ገንዘብ ግን አንድም ወር አልጎደለም። እሷ እስከ ዛሬ ንቅለ ተከላ ማድረጌን አታውቅም።

የምርመራ ቀን ሲቃረብ ሌላ ሰው እሆናለሁ። ሦስት አራት ቀን ቀደም ብዬ ጠዋትም ማታም በሥርዓቱ እውጣለሁ፤ የመድኃኒቱ መጠን በደም ሲለካ ልክ ይመጣል። ክሪያቲኒኔም 1.4 ላይ ረግቶ ነበር። ነርሷ ስታመሰግነኝ አፌን ሞልቼ እቀበል ነበር።

ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ፣ ኩላሊት የሚጠርገው ቆሻሻ ነው። ጉዱ፣ ብዙውን ጊዜ ከፍ የሚለው ኩላሊቱ ከተጎዳ በኋላ መሆኑ ነው። በእኛ ሙያ የትናንት ጋዜጣ እንለዋለን። ከ2017 ወዲህ ግን በአሜሪካ ሌላ የደም ምርመራ ሥራ ላይ ውሏል። የተተከለው ኩላሊት ሴሎች ሲጎዱ የለጋሹ ዲኤንኤ ስብርባሪ በደም ውስጥ ይበተናል፤ ላቦራቶሪው የባለቤቱንና የእንግዳውን ለይቶ የእንግዳው ከመቶ ስንት እንደሆነ ያሰላል። ከመቶ 1 ካለፈ ሐኪሞች ይሰጋሉ። የእኔ 1.9 ሆኖ መጣ። ክሪያቲኒኔ በዚያው ቀን 1.4 ነበር!

ሐኪሟ ጠርታ «መድኃኒት ትዘላለህ?» አለችኝ። «በፍጹም» አልኩ። ምርመራው ጉዳት መኖሩን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም፤ ቢኬ የሚባለው ቫይረስም ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። (ቫይረሱ ስሙን ያገኘው ከጎረቤታችን ከሱዳን ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 መገኘቱ ሲዘገብ በለንደን ኩላሊት ከተተከለለት ሱዳናዊ የስም መነሻ ፊደላት ተወሰደ።) ቢኬ ተፈልጎ ጠፋ። የቀረው በመርፌ ቁራጭ ሥጋ መውሰድ ነው።

የተተከለ ኩላሊት እንደ ተፈጥሮው ወገብ ላይ ሳይሆን ከሆድ በታች፣ ብሽሽት አጠገብ ይቀመጣል። ስለዚህ በጀርባዬ ተኝቼ መርፌው ሲዘጋጅ ቁልጭ አድርጌ አይ ነበር። የዚያ የማላውቀው ሰው ስጦታ በእኔ ስስትና ኩራት ሲወጋ ማየት አልቻልኩም፤ እዚያው ተናዘዝኩ። ሐኪሟ አልተቆጣችም። «ደምህ ነግሮኛል፤ አንተን ነበር የምጠብቀው» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቃቱ ጀምሯል፣ ግን ገና ነበር። ለጋሹን ለይተው የሚዋጉ ፀረ እንግዳ አካላት በደሜ አልተገኙም። ሦስት ቀን በደም ሥር ኮርቲዞን ተሰጠኝ፤ የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ደግሞ ለመድኃኒቱ የእርዳታ ቅጽ ሞላችልኝ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ለዚህ ገጽ ተኩል ነበር ስንት ወር የተደበቅሁት።

በስድስተኛው ሳምንት ውጤቱ 0.4 ሆነ። የነገ ጠዋት ቀጠሮ እንደገና ደም መስጠት ነው። የጠዋቱ ኪኒን የሚዋጠው ደሙ ከተቀዳ በኋላ ስለሆነ በወረቀት ጠቅልዬ ከታክሲው ቁልፍ ጎን አስቀምጬዋለሁ። የማታውን አሁን ልዋጥ፤ ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።