የእናት ሐብል

ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀር ታላቂቱ ልጅ የእናቷን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈተች። ውስጡ አባቷ በሕይወት ሳሉ በ1974 ዓ.ም. ከአስመራ ይዘው የመጡት ሐብል አለ። ወርቅ አይደለም፣ ወርቅ ቅብ ነው። ሰባት ነጫጭ ፈርጦች አሉት። የወርቅ ዋጋ ሰማይ በነካበት በዚህ ጊዜ ሙሽራዋ እህቷ ለመልሷ የመረጠችው ይህንኑ ነበር።

ሐብሉ ጠቁሯል። ልጅቷ በስልኳ ያየችውን ዘዴ ሞከረች፤ የጥርስ ሳሙና፣ ሎሚ፣ ጠንካራ ብሩሽ። ከዚያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋው ተኛች። ጠዋት ጥቁረቱ ለቋል። ወርቁም አብሮ ለቋል። ከሥሩ ቀላ ያለ መዳብ ብቅ ብሏል፣ ሦስት ፈርጦች ደብዝዘዋል፣ አንዱ ወልቆ ሳህኑ ውስጥ ተኝቷል።

«እማዬ፣ አበላሸሁት።»

እናቷ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። «ለእኔ ብለሽ ነው፣ ልጄ» አሉ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ድፍን ብር በአመድ ቢታሽ ጭረት ያወጣል እንጂ ከሥሩም ብር ነው። ቅብ ግን ከላዩ ያለው ወርቅ እጅግ ስስ ነው። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ሻካራ ነገር ይፍቀዋል፤ ሎሚ፣ ኮምጣጤና በረኪና ደግሞ ብረቱን ይበሉታል። ፈርጡም ብርጭቆ ነው። የሚያብለጨልጨው ከጀርባው እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ስስ ሽፋን ስላለው ነው። ውሃ በጠርዙ ከገባ ያ ሽፋን ይጠቁራል፤ ከጠቆረ ደግሞ አይመለስም። ሙቅ ውሃ ማጣበቂያውንም ያላላል።

እንዲህ ያለውን ጌጥ ለማጽዳት አስቀድሞ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መወልወል፣ በፈርጦቹ መሐል ያለውን አቧራ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ማራገፍ ነው። ያ ካልበቃ ጨርቁን ለብ ባለ ውሃና በአንዲት ጠብታ ለስላሳ ሳሙና አርጥቦ፣ በደንብ ጨምቆ፣ ብረቱን ብቻ መጥረግ፤ ሳሙናውን በሌላ እርጥብ ጨርቅ አንስቶ ወዲያው ማድረቅ። መዘፍዘፍ የለም። ሽቶና ቅባትም ጌጡ ከመደረጉ በፊት ነው የሚቀቡት።

ልጅቷ ሐብሉን ይዛ ወርቅ ቤት ሄደች። አንጥረኛው የወለቀውን ፈርጥ መለሰላት። «እንደገና ልቀባው?» ሲላት ለእናቷ ደወለች።

«ተይው» አሉ እናት። «አባታችሁ የነኩት እሱን ነው።»

ብዙዎቻችን ያረጀን ነገር የምንወድ የሚመስለን አዲስ ስናስመስለው ነው። ቤታችንን፣ ፎቷችንን፣ የእናታችንን ጌጥ ሳይቀር እንዲያበራ እንፈልጋለን፤ የምናጠፋው ግን የኖረበትን ምልክት ነው።

በመልሱ ዕለት ሙሽራዋ ሐብሉን እንዳለ አጠለቀችው። ማታ እናት ላቡን በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጠርገው፣ ለብቻው ጠቅልለው፣ ወደ ቆርቆሮው መለሱት። ታላቂቱ ልጅ አጠገባቸው ቆማ እጃቸውን ታይ ነበር።