አስቀድሞ የተወራለት ያሸንፋልን?

በአንድ የዶርም ክፍል የምናድር ስድስት ተማሪዎች በ2017 ዓ.ም. በኦስካር ሽልማት ላይ ተወራረድን። አምስታችን «ዘ ሰብስታንስ» በተባለው ፊልም የተጫወተችው ዴሚ ሙር የምርጥ ሴት ተዋናይነቱን ሽልማት ትወስዳለች አልን። ጎልደን ግሎብንና የተዋንያን ማኅበሩን ሽልማት አስቀድማ ስለ ወሰደች ጥርጥር አልነበረንም። ስድስተኛው ባልንጀራችን ግን፥ መቃወም ልማዱ ነውና፥ የ«አኖራ»ዋን ማይኪ ማዲሰንን ያዘ። ሰኞ የካቲት 24 ቀን ንጋት ላይ የማዲሰን ስም ተጠራ፤ እኛም የአንድ ሳምንት ቡና ከፋዮች ሆንን።

ከዕዳው ይልቅ ያሳሰበን ግምታችን ስለ ምን እንደ ሳተ ነበር። ግምባር ቀደሙ ሁልጊዜ ይወድቃል ማለት አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. ዋኪን ፊኒክስ፥ ሬኔ ዜልዌገር፥ ብራድ ፒትና ሎራ ደርን ጎልደን ግሎብን፥ የተዋንያን ማኅበሩንና የብሪታንያውን ባፍታ ከሰበሰቡ በኋላ አራቱም ኦስካሩን ወስደዋል። በ2011 ዓ.ም. ግን ግሌን ክሎዝ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብታገኝም ባፍታውም ኦስካሩም የኦሊቪያ ኮልማን ሆነ።

ነገሩ ከዳኞቹ ነው። ለጎልደን ግሎብ ድምፅ የሚሰጡት ጋዜጠኞች ናቸው፤ ለማኅበሩ ሽልማት ተዋንያን ናቸው። የኦስካርን አሸናፊ የሚመርጡት ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ የአካዳሚው አባላት ሲሆኑ፥ ከተዋንያን ሌላ ደራስያን፥ ዲሬክተሮች፥ የካሜራና የሙዚቃ ባለሙያዎችም አሉባቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሽልማት ወሬውን ያደምቃል እንጂ የኋለኛውን ዳኛ እጅ አይዝም። ማዲሰንም ባፍታውን ስትወስድ ዳኞቹ መለያየታቸው ታውቆ ነበር፤ እኛ ግን ልብ አላልነውም።

ያላየነው ይህን ምልክት ብቻ አልነበረም። ቡናውን ስንጠጣ አንዱ፥ «ለመሆኑ ፊልሞቹን ያየ አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ስድስታችንም ዝም አልን፤ አሸናፊው ባልንጀራችን ጭምር! ስለ ሁለት ሴቶች ሥራ ስንሟገት የሰነበትነው በወሬ ብቻ ነበር። አፈርን። በዚያው ሳምንት ሁለቱንም ፊልሞች አየናቸው። ክርክሩ እንደ ገና ተነሣ፤ ዛሬም አልተስማማንም፤ ነገር ግን አሁን የምንከራከረው ስለ ትወናቸው ነው።

የተማሪዎች ማኅበራችን ምርጫም ሲደርስ «እገሌ ማለፉ አይቀርም» የሚለው ወሬ ከዕጩዎቹ ንግግር ይቀድማል። እንግዲህ፥ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ለፊልም ሲሆን የሚከፈለው ቡና ነው፤ ለዚህ ግን የምንከፍለው ሙሉ ዓመት ነውና፥ የተወራለትን ከማንገሣችን በፊት ሥራውን እንይ።