ጥቂት በጥቂት

ንባብ፦ ዘጸአት 23፥29-30

ባለፈው ዓመት ጓሯችን ውስጥ በላስቲክ በሸፈንናት ትንሽ ቤት የተከልነውን ጎመን ክሽክሽ ወረረው። ደብረ ማርቆስ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ላስቲኩ ውስጥ ግን ይሞቃል፤ ሙቀቱም ለአትክልቱ ብቻ ሳይሆን ለተባዩም ተመችቶታል። እኔና ባለቤቴ መርጫ ገዝተን ረጨን። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ንጹሕ ሆነ፤ ጌታን አመሰገንን። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ግን ከበፊቱ ብሶ መጣ። ደግመን ረጨን፤ ደግሞ መጣ።

ዝዋይ አካባቢ በጽጌረዳ እርሻ የሠራች የእህታችን ልጅ ልትጠይቀን መጥታ አየችውና፣ "አክስቴ፣ ጠባቂዎቹንም አብራችሁ ገድላችኋል እኮ" አለች። አበባውን የሚያስቸግረው በዓይን ለማየት የሚያዳግት ቀይ ሸረሪት ነው። መርዝ ሲደጋገምበት ይለምደዋል። ስለዚህ ፋይቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ የሚባል አዳኝ ማይት በጠርሙስ ታሽጎ ይመጣና ሠራተኞቹ ቅጠሉ ላይ ይበትኑታል። (ይህ አዳኝ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ከቺሊ ወደ ጀርመን በሄደ ኦርኪድ ላይ ሳይታሰብ ተገኝቶ ነው።) ምግቡ ቀይ ሸረሪት ብቻ ስለሆነ፣ ሸረሪቱ ፈጽሞ ካለቀ እሱም ይራባል። "ትንሽ መቅረት አለበት" ስትል አልተዋጠልንም።

እኛ ከየት እንገዛለን? እሷ ግን፣ "መርጨቱን ተዉ፤ አፈሩንም አትቆፍሩ፤ ጭድ አልብሱት፤ ራሳቸው ይመጣሉ" አለችን። ጤፍ ለመዝራት አራት አምስት ጊዜ በሚታረስበት አገር መሬትን ሳይነኩ መተው ስንፍና ይመስላል፤ ለከብት የሚፈለግ ጭድ መበተን ደግሞ ጎረቤት ያስቃል። ደግነቱ ብራያን ኦልድሪቭ ስለሚባል የዚምባብዌ አማኝ ገበሬ ሰምተን ነበር። ጫካ ማንም ሳያርሰው፣ በረገፈ ቅጠል ተሸፍኖ እንደሚለመልም አስተውሎ፣ እርሻውን በዚያው መንገድ የሠራ ሰው ነው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ውጭ ውጭ ያለው ቅጠል ተበልቶ ለዶሮ ተሰጠ። አንድ ጠዋት ግን ከክሽክሹ መካከል ያበጡ፣ የደረቁ፣ ጀርባቸው ላይ ክብ ቀዳዳ ያለባቸው አየን። አንዲት ደቃቅ ተርብ እንቁላሏን ክሽክሹ ውስጥ ትጥላለች፤ ጫጩቷ ከውስጥ በልታው በስታ ትወጣለች። ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ጥንዚዛም መጣች። ክሽክሹ አልጠፋም፤ ጎመኑ ግን በላን።

ዘጸአት 23ን ያነበብነው በዚያ ሰሞን ነው። እግዚአብሔር አሕዛብን በአንድ ዓመት አላስወጣም አለ፤ ምክንያቱንም ተናገረ፦ ምድሪቱ ባድማ እንዳትሆን፣ የዱር አራዊትም እንዳይበዙ። ስንት ጊዜ አልፈነው ይሆን!

ልጃችን በጫትና በመጠጥ ከተያዘ ቆይቷል። በአንድ ሌሊት እንዲለቀው ጾመን ጸለይን። አንድ ወር ያህል ተወ፤ እኛም ቸኩለን በጉባኤ ፊት ነፃ መውጣቱን መሰከርን። ሲመለስበት ግን ወደ ጉባኤው ለመምጣት አፈረ። የመሰከርነው እኛ፣ ያፈረው እሱ። በማቴዎስ 12 ተጠርጎ ባዶ ስለተገኘው ቤት የተነገረው አስደነገጠን፤ እኛ መጥረጉን እንጂ በውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቅንም ነበር።

ኃጢአት ትንሽ ይቅር ማለታችን አይደለም። ጌታም ጠላቶቹን አስወጣለሁ እንጂ እተዋቸዋለሁ አላለም። ግን "እስክትበዛ ድረስ" የሚል ሐሳብ አለበት። አሁን ስንደውል "ተውክ ወይ?" ማለቱን ቀንሰናል። ከአንድ ወንድም ጋር ማክሰኞ ማክሰኞ ቃል እንደሚያጠና የነገረን ሳንጠይቀው ነው። ባለፈው ወር እንደገና ወድቋል፤ እሱንም ራሱ ነገረን።

ቅዳሜ መጥቶ ላስቲክ ቤቱ ገባና አንድ ቅጠል ገለበጠ። "ይሄ ነገር አሁንም አለ እኮ" አለ።

"አለ" አለው አባቱ፤ ቀዳዳ ያለባትን አንዷንም አሳየው።

ጎንበስ ብሎ ብዙ አያት። ከዚያ ባልዲውን አንሥቶ ውኃ ሊቀዳ ወጣ።