ሳያልቅ የሚሠራ ልብ

ሰውነት ያለ ልብ አያድግም፤ ልብም ሰውነት እስኪያድግ አይጠብቅም። ጽንስ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው፣ ልቡ ገና ቀጭን ቱቦ ሳለ መምታት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ መጠምዘዙም፣ ግድግዳ ማውጣቱም፣ በአራት መከፈሉም ሰው እየኖረበት እንደሚታነጽ ቤት ነው። ሥራ አቁሞ «እስክጨርስ ታገሡኝ» ማለት የለም።

ይህን ግንባታ ሲከታተሉ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ሰዎች ያስደንቁኛል። ለረጅም ጊዜ የታመነው የመጀመሪያዋ ቱቦ የሙሉውን ልብ ክፍሎች በሙሉ እንደያዘች ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. ማሪያ ቪክቶሪያ ዴ ላ ክሩዝ ሜክሲኮ ውስጥ የጫጩት ጽንስ ልብ ላይ የብረት ብናኝ እያኖሩ ምልክቱ የት እንደሚደርስ ተከታተሉ። ደምን ወደ ትልልቆቹ የደም ሥሮች የሚያወጣው የልብ ጫፍ መጀመሪያ ላይ አልነበረም፤ ኋላ የተጨመረ ነው። ከየት መጣ?

መልሱ የተገኘው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። ማርጋሬት በኪንግሃም በፓሪሱ ፓስተር ተቋም የጡንቻ ዘረመል ያጠኑ ነበር። ጡንቻው በምርመራ ሰማያዊ ሆኖ እንዲታይ ዘረመል ከገባላቸው አይጦች መካከል፣ የአንደኛው ዘር ሰማያዊ ቀለም ያልታሰበበት ቦታ ታየ፤ ከልብ ውጭ፣ የጽንሱ ጉሮሮ በሚሠራበት አካባቢ። የገባው ዘረመል ኤፍጂኤፍ10 ከተባለው ዘረመል አጠገብ በአጋጣሚ አርፎ ኖሯል። በኪንግሃምና አብረዋቸው የሠሩት ሮበርት ኬሊና ናይጀል ብራውን «ተበላሸ» ብለው አልጣሉትም። ቀለሙን ሲከተሉ ሰማያዊ የሆኑት ህዋሳት ከደጅ ተነሥተው ወደ ልብ እንደሚገቡ፣ የቀኙን ታችኛ ክፍልና የደም መውጫውን እንደሚሠሩ ተረዱ። ይህ በ2001 እ.ኤ.አ. ታተመ። በዚያው ዓመት በጫጩት ላይ የሠሩ ሌሎች ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ነገር አገኙ። እነዚህ ህዋሳት ዛሬ «ሁለተኛው የልብ መስክ» ይባላሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ለበኪንግሃም የብሔራዊ ሳይንሳዊ ምርምር ማዕከሏን የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠች።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከሜዳሊያው ወዲያ ያለው ነው። ከመቶ ሕፃናት አንዱ ገደማ የልብ ጉድለት ይዞ ይወለዳል። ከእነዚህ ጉድለቶች ብዙዎቹ፣ የሕፃኑን ገላ ሰማያዊ የሚያስመስለው የፋሎ ሕመም ጭምር፣ የሚነሡት ይህ የደም መውጫ ሲሠራ ነው። የልብ ዋና ግንባታ የሚያልቀው በስምንት ሳምንት ገደማ ነው፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና ባረጋገጡበት ሰሞን።

እኛ ዘንድ ግን ልጅ ልቡ ታሞ ሲወለድ ጣት የሚቀሰረው ወደ እናቲቱ ነው። ደንግጣ ይሆናል፣ ከባድ ዕቃ አንሥታ ይሆናል፣ አምሮቷ ሳይወጣላት ቀርቶ ይሆናል ይባላል። ሩቤላን የመሰለ በሽታና ያልታከመ የስኳር ሕመም አደጋውን እንደሚጨምሩ እርግጥ ነው፤ ስለዚህ እርጉዝ ሴት ቶሎ ትመርመር። በአብዛኛው ግን ሐኪምም «ምክንያቱ ይህ ነው» ብሎ ሊናገር አይችልም። ሐኪም ባላወቀው ነገር ጎረቤት አይፍረድ። እባካችሁ፣ ያችን እናት አትውቀሷት።